የማዳበሪያው ድጎማ በእኛ ቀበሌ ለማን ምን ያህል ደረሰ? በምንስ መንገድ ማወቅ ይቻላል?

ጥያቄ
ባለ አራት ቃዳ (ባሕር ዳር ዙሪያ)

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ ወገኖቼ። ከባሕር ዳር ከተማ ብዙም በማይርቅ፣ ጣናን ቁልቁል በሚያይ ቀበሌ የምኖር አርሶ አደር ነኝ። የማርሰው መሬት አራት ቃዳ፣ ማለትም አንድ ሄክታር ገደማ ነው። ሁለቱ ቃዳ በእኔና በባለቤቴ ስም የይዞታ ደብተር የወጣለት ሲሆን፣ ሁለቱን ደግሞ ጉልበት ካጡ አንዲት አረጋዊት ጎረቤታችን በእኩል፣ ማለትም ምርቱን ልንካፈል፣ ይዤ አርሳለሁ። በቆሎ፣ ጤፍና ዳጉሳ እያፈራረቅሁ እዘራለሁ።

ክረምት ሊገባ ሲል መንግሥት ለማዳበሪያ ድጎማ ማድረጉን በሬዲዮ እሰማለሁ። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ዋጋ በናረ ጊዜ 15 ቢሊዮን ብር መመደቡ ተነግሮን ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም፣ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሲወጣ፣ ጭማሪው በሙሉ በገበሬው ጫንቃ ላይ እንዳይወድቅ ድጎማው ከፍ እንዲል መደረጉን ሰምተናል። ይህን አላስተባብልም፤ ባይደረግ ኖሮ በእኛ ጎጥ ስንት ሰው ያለ ማዳበሪያ ይዘራ እንደነበር አውቃለሁ። ይሁን እንጂ በእጄ ያለው ደረሰኝ የሚነግረኝ እኔ የከፈልሁትን ብቻ ነው። መንግሥት ስለ እኔ የከፈለው ስንት እንደሆነ፣ ለቀበሌያችን በጠቅላላው ስንት ኩንታል እንደመጣ፣ ከዚያም ውስጥ ለማን ስንት እንደተሰጠ የሚገልጽ አንድም ወረቀት አይቼ አላውቅም።

ይህን እንድጠይቅ ያነሣሣኝ የእኅቴ ልጅ ነው። በዩኒቨርሲቲ የሚማር ሲሆን፣ በአሜሪካ አንድ ሰው የትኛውም የገጠር ወረዳ ውስጥ የትኛው እርሻ በየትኛው ዓመት ስንት ዶላር የሰብል ድጎማ እንደተከፈለው ከቤቱ ተቀምጦ ማየት እንደሚችል በስልኩ አሳየኝ። የገንዘቡ ብዛት አይደለም ያስገረመኝ፤ እነርሱ ሀብታም አገር ናቸው። ያስገረመኝ ጎረቤት የጎረቤቱን ድርሻ ማወቁ እንደ ነውር ወይም እንደ ምቀኝነት አለመቆጠሩ ነው።

የደረሰብኝን በአጭሩ ልግለጽ። ባለፈው ዓመት የማዳበሪያ ፍላጎት ሲመዘገብ በስሜ የተያዘው ደብተር ያለኝ ሁለት ቃዳ ብቻ ነበር። በእኩል የያዝሁት ሁለት ቃዳ በባለይዞታዋ ስም እንደሚመዘገብ ተነገረኝ። ማዳበሪያው ሲመጣ ግን የእርሳቸው ስም በዝርዝሩ አልነበረም፤ ምክንያቱ ሲጠየቅ «እርሳቸው ራሳቸው አያርሱም» ተባለ። ስለዚህ ያ መሬት በእኔም በእርሳቸውም ስም ሳይመዘገብ ቀረ። እኔም ለሁለት ቃዳ የተሰጠኝን ለአራት ቃዳ ከፋፍዬ በተንሁት፤ ጥቅምት ላይ የበቆሎው አገዳ ራሱ ይመሰክር ነበር። በዚያው ሰሞን ያው ዓይነት ኬሻ በከተማ በነጋዴ ደጃፍ በብዙ እጥፍ ዋጋ ሲሸጥ አይቻለሁ። ይህን የጻፍሁት ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ ዝርዝሩ ተለጥፎ ቢሆን ኖሮ ስሕተቱ ዘር ሳይዘራ ይታረም ነበር ብዬ ስለማምን ነው።

እንግዲህ የምታውቁ ሰዎች አስረዱኝ። ድጎማው የሚገባው በየትኛው በር ነው? አንድ አርሶ አደር ስለ ቀበሌው ድርሻ ለመጠየቅ መብት አለውን? በእኩል የሚያርስ ሰውስ በየትኛው ስም ሊቆጠር ይገባዋል?

መልስ 1
የቀድሞ የማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ (መራዊ)

ወንድማችን፣ ጥያቄዎ በጣም ተገቢ ነው። በአንድ መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበር ለዓመታት የሒሳብ ሥራ ስለሠራሁ፣ በመጀመሪያ የድጎማውን መንገድ ላሳይዎት።

በሀገራችን የምንጠቀምበት ማዳበሪያ፣ ናይትሮጅን የሚሰጠው ዩሪያና ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለበት ኤንፒኤስ፣ በዶላር ተገዝቶ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ በጅቡቲ ወደብ በኩል የሚገባ ነው። በዋጋው ላይ የባሕር ማጓጓዣው፣ የወደብ ወጪው፣ ከጅቡቲ እስከ ዩኒየኑ (የመሠረታዊ ማኅበራቱ ኅብረት) ማዕከላዊ መጋዘን ያለው የመኪና ኪራይ፣ የባንክ ወለድ፣ የዩኒየኑና የመሠረታዊ ማኅበሩ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመራል። ከማዕከላዊው መጋዘን እስከ ቀበሌው ያለው ጭነትና ማራገፊያም አለ፤ ለዚህ ነው በሁለት አጎራባች ቀበሌዎች ዋጋው በጥቂት ብር የሚለያየው። ድጎማው የሚገባው ከዚህ ሰንሰለት በላይኛው ጫፍ ነው። መንግሥት ከግዢው ዋጋ የተወሰነውን ይከፍላል፤ ዩኒየኑ የሚረከበው ዋጋው ከተቀነሰ በኋላ ነው። እኛ በማኅበሩ መዝገብ የምንጽፈው የገባበትንና የተሸጠበትን ዋጋ ስለነበር፣ የድጎማው መጠን በእኛ ደረጃ ባለ ማንኛውም ሰነድ ላይ ለብቻው አይታይም ነበር። ሆን ተብሎ የተደበቀ ነገር አይደለም፤ ሥርዓቱ ከመነሻው ለገበሬው እንዲታይ ሆኖ አልተሠራም። እኔ ግን ይህን እንደ ጉድለት እቆጥረዋለሁ። በደረሰኙ ላይ አንዲት መስመር ተጨምራ «ሙሉ ዋጋው ይህን ያህል፣ መንግሥት የከፈለው ይህን ያህል፣ አንተ የከፈልኸው ይህን ያህል» ብትል ወጪዋ ከቀለም አይበልጥም።

ታሪኩን ለማያውቁ ወጣቶች፣ የማዳበሪያ ድጎማ አዲስ ነገር አይደለም። ቀድሞም ነበር፤ በ1989 እና በ1990 ዓ.ም. ገበያው ነፃ እንዲሆን ሲደረግ ቀረ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ገበሬው ሙሉውን ዋጋ ሲከፍል ኖሯል። ድጎማው የተመለሰው፣ በ2012 ዓ.ም. ገደማ በቶን ከ300 ዶላር በታች ይሸጥ የነበረው ዩሪያ፣ የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት በየካቲት 2014 ዓ.ም. ከተቀሰቀሰ በኋላ ከ900 ዶላር በላይ በወጣ ጊዜ ነው። በችኮላ የተመለሰ ድጎማ ስለሆነ ስለ አከፋፈሉ በቂ ውይይት አልተደረገበትም የሚል እምነት አለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በዋጋ ውስጥ የተቀበረ ድጎማ ኬሻውን እንጂ ሰውየውን ተከትሎ አይሄድም። ለማስረዳት ያህል ብቻ፣ ድጎማው በኩንታል 1,000 ብር ነው እንበል። ለእያንዳንዱ ቃዳ ግማሽ ኩንታል ዩሪያና ግማሽ ኩንታል ኤንፒኤስ የሚወስድ ሰው፣ ሁለት ቃዳ ካለው 2,000 ብር፣ ስምንት ቃዳ ካለው 8,000 ብር ተደጎመ ማለት ነው። ከዝርዝሩ የወደቁት ጎረቤትዎ ምንም አላገኙም። ኬሻውን ተቀብሎ ለነጋዴ ያስተላለፈ ሰው ደግሞ አንድ ፍሬ ሳይዘራ ድጎማውን በጥሬ ገንዘብ ወሰደ። ያን ጊዜ የመንግሥት ገንዘብ ለሰብል ሳይሆን ለትርፍ ዋለ ማለት ነው፤ በማኅበሩ በሠራሁባቸው ዓመታት ልቤን የሚያሳምመኝም ይህ ነበር።

የእኅትዎ ልጅ ያሳየዎት የአሜሪካ ዝርዝርም ቢሆን በራሱ ጊዜ አልወጣም። መንግሥት ያልሆነ አንድ ድርጅት በመረጃ ነፃነት ሕጋቸው እየጠየቀ ያገኘውን መዝገብ ነው በየወረዳው ከፋፍሎ ለሕዝብ የከፈተው። ጠያቂ ስለነበረ ነው የተገኘው። እኛም ጋ ሕጉ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ይደነግጋል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለውና መልሱ በ30 ቀናት ውስጥ ሊሰጠው እንደሚገባ ይናገራል። የማኅበሩ አባል ከሆኑ ደግሞ ሌላም በር አለዎት። የማኅበሩ የበላይ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው። የኦዲት ሪፖርት ሲቀርብ እጅዎን አውጥተው «ስንት ኩንታል ገባ፣ ለስንት ሰው ተከፋፈለ፣ ስንት ቀረ» ብሎ መጠየቅ የአባልነት መብትዎ ነው። በእኔ ዘመን ይህን ጥያቄ የሚያነሣ አባል ጥቂት ነበር። የሚያነሣ ሰው በነበረበት ጉባኤ ዋዜማ ግን ሁላችንም መዝገቡን ሌሊት ተቀምጠን እናስተካክል እንደነበር ሳልደብቅ እናገራለሁ።

መልስ 2
የሩዝ አምራች (ወረታ)

ከላይ የተጻፈውን በጥሞና አንብቤዋለሁ፤ በአብዛኛውም እስማማለሁ። ነገር ግን በፎገራ ሜዳ ለሚያርስ ሰው ከዝርዝሩም ከዋጋውም የሚቀድም ነገር አለ፤ እርሱም ቀኑ ነው።

ሩዛችን የሚዘራው ዝናቡ ከያዘ በኋላ ሲሆን፣ የጉማራና የርብ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ውኃ ከመዋጡ በፊት ቡቃያው መጠንከር አለበት። ኤንፒኤሱ ከዘር ጋር መግባት ይኖርበታል፤ ዩሪያው ደግሞ ቡቃያው ግንድ ማብዛት ሲጀምር መበተን አለበት። ከዚያ ካለፈ በቆመ ውኃ ላይ መበተን ብሩን ውኃ ውስጥ እንደ መጣል ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ በክልላችን የነበረውን እጥረት ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ገበሬው እርሻውን ትቶ እስከ ባሕር ዳር ድረስ ለአቤቱታ መጥቶ ነበር። በዚያ ዓመት ዋጋው የተደጎመ ነበር፤ ነገር ግን በወቅቱ ላልደረሰው ሰው ድጎማው ምን ጠቀመው? እኔ ራሴ ለሦስት ቀናት በመጋዘን በር ተሰልፌ ያገኘሁትን ኬሻ ቤት ሳደርሰው ቡቃያው ቢጫ ሆኖ ነበር።

ስለዚህ ዝርዝር የሚለጠፍ ከሆነ፣ ከስምና ከኩንታል ጎን ለጎን ማዳበሪያው ማዕከላዊ መጋዘን የገባበትና ቀበሌ የደረሰበት ቀን ይጻፍበት። መኪና የሚዘገይበት ብዙ ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ መንገድ በጸጥታ ችግር ይዘጋል፣ ወደብ ላይ ይጨናነቃል። ምክንያቱ ይነገረን እንጂ ገበሬ የማይረዳው ነገር የለም። ሳናውቅ መጠበቁ ነው የሚጎዳን። ማዳበሪያው እንደማይደርስ ቀድሞ ቢነገረኝ የመሬቴን ግማሽ ለሽምብራና ለጓያ አቆየው ነበር፤ እነርሱ ውኃው ከሸሸ በኋላ በቀረው እርጥበት ያለ ዩሪያ ይበቅላሉና።

ሌላው ያልተነሣው ነገር ባሕር ሸሽ ነው። ጣና በበጋ ወደ ኋላ ሲል የሚገለጠውን መሬት በዳር ያሉት ቀበሌዎች ያርሱታል። ያ መሬት ደብተር የለውም። ደብተር የሌለው መሬት በፍላጎት መዝገብ አይገባም፤ በመዝገብ ያልገባ ደግሞ ድጎማ አያገኝም። በእኛ በኩል ኑሯቸው በሙሉ በዚያ መሬት ላይ የተመሠረተ ወጣቶች አሉ፤ እነርሱ ማዳበሪያ የሚገዙት ከነጋዴ፣ ነጋዴው በጠራው ዋጋ ነው። ከሁላችን ደሃ የሆነው ሰው ሙሉውን ዋጋ ሲከፍል ማየት ያሳዝነኛል።

መልስ 3
የጎርጎራ ልጅ (ደምቢያ)

ጠያቂው ወንድሜ ስለ ጎረቤታቸው በአክብሮት መጻፋቸው ደስ አሰኝቶኛል። እኔ ነገሩን ከሌላው ወገን ልናገር፤ ምክንያቱም መሬቷን በእኩል የምትሰጠው ሴት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው። ልጆቼ ገና ናቸው፤ በሬም የለኝም። ስለዚህ ሦስት ቃዳ መሬቴን ለአንድ የዝምድና ወገኔ በእኩል እሰጠዋለሁ፤ ማዳበሪያውን እኩል እናወጣለን፣ ምርቱን እኩል እንካፈላለን።

ብዙ ሰው «ድጎማው ለሚያርሰው ይሰጥ» ይላል። በአፍ ሲነገር ትክክል ይመስላል። ነገር ግን የአራሹ ስም በእኔ መሬት ላይ በቀበሌ መዝገብ ሦስትና አራት ዓመት በተከታታይ ከሰፈረ፣ አንድ ቀን ያ መዝገብ የመሬት ክርክር ማስረጃ ሆኖ እንዳይቀርብብኝ እፈራለሁ። ፍርሃቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ባሏ የሞተባትን ሴት መሬት ለመንጠቅ ምን ያህል ወረቀት እንደሚፈለግ፣ ምን ያህል ምስክር እንደሚቆም በአካባቢያችን ያየ ሰው ይረዳኛል። ፎቶግራፌ ያለበት ደብተር ነው እስከ ዛሬ ያቆየኝ። ከዚያ ደብተር ጋር የማይስማማ ሌላ መዝገብ እንዲፈጠር አልፈልግም። ስለዚህ እስካሁን በራሴ ስም እመዘገባለሁ፤ «አታርሺም» ሲሉኝም «መሬቱ የእኔ ነው፣ ግማሹን ማዳበሪያ የምገዛውም እኔ ነኝ» ብዬ እመልሳለሁ። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ የእኛ ቀበሌ የልማት ሠራተኛ ይህን ተረድተው ይመዘግቡኛል። በሌላ ቀበሌ ያለች እንደ እኔ ያለች ሴት ግን በአንድ ሰው ቅንነት ላይ መንጠልጠል አልነበረባትም።

የእኔ ሐሳብ መዝገቡ ሁለት ዓምድ ይኑረው ነው። በአንዱ ባለይዞታው ከደብተር ቁጥሩ ጋር፣ በሁለተኛው በዚያ ዓመት የሚያርሰው ሰው ይጻፍ፤ ከግርጌውም «ይህ መዝገብ የማዳበሪያ ማከፋፈያ እንጂ የይዞታ ማስረጃ አይደለም» የሚል ይኑርበት። ያን ጊዜ የጠያቂው ጎረቤት መሬት ከሁለት ሰዎች መካከል ወድቆ አይቀርም፤ እኔም በሰላም እተኛለሁ።

ስለ ገንዘቡም አንድ ነገር ልጨምር። ዋጋው ቢደጎምም በአንድ ጊዜ በእጅ በእጅ ነው የሚከፈለው። በሰኔ ወር ደግሞ የገበሬ እጅ ባዶ ነው። ባለፈው ዓመት የእኔን ግማሽ ለማሟላት ለልጆቼ ወተት የምትሰጠንን ላም ልሸጥ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር፤ እኅቴ ባትደርስልኝ ኖሮ ድርሻዬ ለሌላ ይተላለፍ ነበር። ስለዚህ በስሙ የተመደበለትን በገንዘብ እጦት ያልወሰደ ሰው ስንት እንደሆነ፣ የተረፈውም ለማን እንደተሰጠ በዚያው ዝርዝር ቢታይ፣ ኬሻው ወደ ነጋዴ ደጃፍ የሚሄድበትን ቀዳዳ የምናገኘው እዚያ ይመስለኛል።

ባለ አራት ቃዳ (ባሕር ዳር ዙሪያ)

እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ስለ መሬት ክርክር የጻፉትን ካነበብሁ በኋላ ወደ ጎረቤታችን ዘንድ ሄጄ ጠየቅኋቸው፤ እርሳቸውም በልባቸው ይህንኑ ይፈሩ እንደነበርና ለዚህም ሲሉ ስሜ በመሬታቸው ላይ እንዲጻፍ አጥብቀው እንዳልጠየቁ ነገሩኝ። አብሬያቸው ይህን ያህል ዓመት ስሠራ አለማወቄ አሳፍሮኛል። ሁለት ዓምድ ያለው መዝገብ ቢሆን እንደሚስማሙ ነግረውኛል።

የሒሳብ ሠራተኛው ወንድማችንን አንድ ነገር ልጠይቅ። በአሜሪካ በእኩል የሚያርስና መሬቱን የሚሰጥ ሰው ድጎማውን እንዴት ይካፈላሉ? ስሞች በአደባባይ መለጠፋቸውስ ጉዳት የለውምን? በጎጣችን ይህን ሐሳብ ሳነሣ አንዳንዶች «ማን ምን እንዳለው ለሌባ ማሳየት ነው» አሉኝ።

የቀድሞ የማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ (መራዊ)

በአሜሪካ ሕግ መሬቱ በጥሬ ገንዘብ ከተከራየ ክፍያው የሚሄደው ለሚያርሰው ነው። ምርት በመካፈል ከሆነ ግን ሁለቱም ሰብሉን በሚካፈሉበት መጠን ክፍያውንም ይካፈላሉ። እንግዲህ የእኛ እኩል በእነርሱም ዘንድ ቦታ አለው ማለት ነው። ይህ ማለት ግን ሥርዓታቸው እንከን የለሽ ነው ማለት አይደለም። ከ1996 እ.ኤ.አ. ሕግ ጀምሮ እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ሕግ ድረስ በነበረው አሠራር ክፍያው የተመሠረተው መሬቱ በቀድሞ ዓመታት በተዘራበት ስፋት ላይ ስለነበር፣ በዚያ ዓመት ምንም ያልዘራ ሰውም ይከፈለው ነበር። ለአራሹ የተከፈለውም ብዙ ጊዜ በመሬት ኪራይ ጭማሪ መልክ ወደ ባለመሬቱ ይመለስ ነበር። ይህ የታወቀውና የተተቸው፣ ያ ቋሚ ዓመታዊ ክፍያም በመጨረሻ የቀረው ዝርዝሩ በሕዝብ እጅ ስለነበረ ጭምር ነው።

የስሙ ነገር ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ የጎጥዎ ሰዎች ሥጋት እውነተኛ ነው። አውሮፓውያንም ተከራክረውበታል። የእርሻ ድጎማ የተቀበሉ ሰዎች ሁሉ ስም ይታተም የሚለውን ደንብ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2010 እ.ኤ.አ. ለግለሰቦች ከመጠን ያለፈ ነው ብሎ ሽሮታል። ከዚያ በኋላ በወጣው ደንብ በዓመት ከ1,250 ዩሮ በታች የሚያገኙ ትንንሽ ገበሬዎች ስማቸው ሳይጠቀስ መጠኑ ብቻ እንዲወጣ ተደርጓል። ለእኛ የሚበጀው በኢንተርኔት ላይ ስም መበተን አይመስለኝም። ዝርዝሩ በማኅበሩ መጋዘን በር ላይ፣ ለአባላት፣ ዘር ከመዘራቱ በፊት ይለጠፍ፤ ለወረዳው ሕዝብ ደግሞ በየቀበሌው የገባውና የተከፋፈለው ኩንታል ያለ ስም ይውጣ። በአንድ ቀበሌ ያለ ሰው ማን ስንት ቃዳ እንዳለው ቀድሞም ያውቃል፤ የማያውቀው በማን ስም ስንት ኬሻ እንደወጣ ነው።

መልስ 4
የአፈር ባለሙያ (ባሕር ዳር)

ውይይቱ ስለ አከፋፈል ስለሆነ ከዚያ ሳልወጣ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እኩል ድጎማ ያለው ኬሻ በሁሉም መሬት ላይ እኩል ጥቅም አይሰጥም። በፎገራና በደምቢያ ያለው ጥቁር የዋልካ አፈርና በሜጫ፣ በይልማና ዴንሳ እንዲሁም በባሕር ዳር ዙሪያ ከፍታዎች ያለው ቀይ አፈር ጠባያቸው የተለያየ ነው። ቀዩ አፈር በብዙ ቦታ ኮምጣጣ ሆኗል። በኮምጣጣ አፈር ውስጥ ያለው አሉሚኒየምና ብረት በኤንፒኤስ የገባውን ፎስፈረስ አስሮ ስለሚይዘው፣ ሥሩ የሚያገኘው ጥቂቱን ብቻ ነው። ከኤንፒኤስ ክብደት ውስጥ 19 በመቶው ናይትሮጅን፣ 38 በመቶው በፎስፌት መልክ የተሰላ ፎስፈረስ፣ 7 በመቶው ድኝ ነው። ገበሬውም መንግሥትም በዋናነት የሚከፍሉት ለፎስፈረሱ ሆኖ ሳለ፣ በኮምጣጣ መሬት ላይ ከዚያ ብዙው በአፈሩ ተይዞ ይቀራል። ዩሪያም በተደጋጋሚ ሲጨመር አፈሩን ይበልጥ የማኮምጠጥ ጠባይ አለው።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ኖራ ነው። ኖራ ግን በሄክታር ብዙ ኩንታል ይፈልጋል፤ ከዋጋውም ይልቅ ማጓጓዣው ይከብዳል። ጥቅሙ ለተከታታይ ዓመታት የሚቆይ ስለሆነ ደግሞ መሬቱን ለአንድ ዓመት በእኩል የያዘ ሰው ለኖራ ገንዘብ አያወጣም፤ በሚቀጥለው ዓመት መሬቱ ለሌላ ሊሰጥ ይችላልና። እኅታችን ከደምቢያ ያነሡት የመተማመን ጉዳይ እዚህም ይመጣል ማለት ነው። ከማዳበሪያው ድጎማ ጥቂቱ ወደ ኖራ ማጓጓዣ ቢዞር፣ በቀይ አፈር ቀበሌዎች ያው ኬሻ የተሻለ ምርት ያመጣ ነበር ብዬ አምናለሁ። ጠያቂው ወንድማችን በቆሎዎ ማዳበሪያ ካነሰው በተጨማሪ የአፈሩንም ጠባይ ቢያስመረምሩ መልካም ነው።

ርካሽ ሲሆን ያለ ልክ መበተንም እንዳለ ለወረታው ወንድሜ ላስታውስ። ከሜዳው ታጥቦ ወደ ጣና የሚገባው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሐይቁን ለወረረው እምቦጭ ለሚባለው አረም ምግብ ነው። እምቦጩ ደግሞ ተመልሶ የሚተኛው እርስዎ በጠቀሱት በባሕር ሸሹ መሬት ላይ ነው። ስለዚህ ለባሕር ሸሽ አራሾች ማዳበሪያ ይሰጥ ሲባል፣ መጠኑ ከውኃው ዳር ባለው ርቀት ሊወሰን ይገባል።

የሩዝ አምራች (ወረታ)

ትክክል ነው፤ ተቀብያለሁ። በዳር ያሉት ወጣቶች ያለ ልክ የሚበትኑት ግን አማካሪ ስለሌላቸው ነው። መዝገብ ውስጥ ቢገቡ ምክሩም አብሮ ይደርሳቸው ነበር።

ባለ አራት ቃዳ (ባሕር ዳር ዙሪያ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከጎረቤታችንና ከጎጣችን ዘጠኝ ሰዎች ጋር ተመካክረን የሚከተለውን ማመልከቻ አዘጋጅተናል። ከመስጠታችን በፊት የጎደለ ነገር ካለ ንገሩን።

«እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ በታች የሰፈረው የቀበሌው ነዋሪ አርሶ አደሮች፣ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት የሚከተሉት መረጃዎች በጽሑፍ እንዲሰጡን እናመለክታለን። ባለፈው የመኸር ወቅት ለቀበሌያችን የተመደበው፣ የደረሰውና የተከፋፈለው የዩሪያና የኤንፒኤስ መጠን በኩንታል፤ ወደ ቀበሌው የገባበት ቀን፤ የአንድ ኩንታል ሙሉ ዋጋ፣ መንግሥት የደጎመው መጠንና የተሸጠበት ዋጋ፤ ተመዝግበው ያልወሰዱ ሰዎች ብዛትና የእነርሱ ድርሻ ለማን እንደተላለፈ። ለሚመጣው ወቅት ፍላጎት ሲመዘገብ በእኩል የሚታረስ መሬት በባለይዞታውና በአራሹ ስም፣ በሁለት ዓምድ እንዲመዘገብ፣ ይህም መዝገብ የይዞታ ማስረጃ እንዳልሆነ በግልጽ እንዲጻፍበት፣ ዝርዝሩም ሽያጭ ከመጀመሩ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ በማኅበሩ መጋዘን በር ላይ እንዲለጠፍ በትሕትና እንጠይቃለን።»

የቀድሞ የማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ (መራዊ)

መልካም ተጽፏል። ሁለት ነገር ብቻ አስተካክሉ። ሙሉ ዋጋውንና የድጎማውን መጠን ማኅበሩ ላያውቀው ስለሚችል፣ ማመልከቻውን ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አድርጋችሁ ለማኅበሩ ግልባጭ ስጡ። ሁለተኛው፣ ስትሰጡ የእናንተን ቅጂ ይዛችሁ ሂዱና የገባበት ቀንና የመዝገብ ቁጥሩ ተጽፎ ማኅተም ይደረግበት፤ 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ፍላጎት መመዝገብ የሚጀመረው መኸር ሳይሰበሰብ ስለሆነ፣ በዚህ ሳምንት ብታስገቡት ጥሩ ነው።